ከወገናችን የወጣውን ስድብ ማን ይጠቁም?

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለትራክት የተዘጋጀ)

በመሃል ሜዳና በሞላሌ፣ በራቤል፣ በዓለም ከተማ፣ በየገጠሩም አጥቢያ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ የምንነጋገረው በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ስልክ ነው። «ቲክቶክ አትዩ» የሚለውን ስብከት አልደግመውም፤ እሱን እስኪሰለቻችሁ ሰምታችኋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያላችሁበት ግሩፕ ውስጥ ሰውን የሚያዋርድ ወይም ሰውን በሰው ላይ የሚያስነሣ ጽሑፍ ሲለጠፍ ምን ታደርጋላችሁ? በተለይ የለጠፈው የእናንተው ሰው ሲሆንስ?

መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 16ን አውጡ። በዚያች አጭር ቁጥር ውስጥ ሁለት ክልከላ አለ። አንደኛው ወሬ እያመላለሱ በሕዝብ መካከል መዞር ነው። ሁለተኛው ባልንጀራ ደሙ ሊፈስ ሲል ዳር ቆሞ ማየት ነው። እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? የመጀመሪያውን ክልከላ ለሁለተኛው ማምለጫ እናደርገዋለን። «እኔ ነገር አላመላልስም፤ ሰው አላሳብቅም» እንልና ዝም እንላለን። እግዚአብሔር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። በአንዱ ሌላውን እንድንሽረው አልፈቀደም። ቁጥር 17 ደግሞ ቀጥሎ ወንድምን በልብ ቂም ይዞ ከመጥላት ይልቅ ፊት ለፊት እንድንገሥጸው ያዝዛል።

«ሪፖርት አድርግ» የሚለው ቃል ለእኛ ለአማኞች ጆሮ ደስ እንደማይል ይገባኛል። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው እናቶቻችንና አባቶቻችን በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ፣ የሚፈሩት ጠቋሚን ነበር። መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመር የነበረው ጠቋሚ እንዳይሰማ ነው። ይህን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች «ጠቁሙ» ስንባል ብንሸማቀቅ አይደንቅም። ግን ልዩነቱን እንይ። ያኔ የሚጠቆመው የሚጸልይ ሰው ነበር። አሁን እየተናገርን ያለነው «እገሌ የሚባለው ጠላት ነው፤ ቤቱ እዚህ ጋ ነው» ብሎ ፎቶ ጨምሮ ስለሚለጥፍ ሰው ነው። ዝም ያልነው እንደሆነ የምንሸሽገው አሳዳጁን ነው።

አያቶቻችን እኮ ይህን ነገር ያውቁታል። በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ጠቋሚው እንዳይታወቅ ስሙ ይሸሸጋል፤ «ወፍ» ይባላል። «ወፍ ነገረኝ» የምንለው እንደ ቀልድ ሆኖ ቀረ እንጂ ትልቅ ሥራ ነበረው። ከአውጫጭኝ የምወድደው ነገር ማንም «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ መቅረት አለመቻሉን ነው። የምፈራው ደግሞ አለ፤ ቂመኛ ሰው ወፍን ተገን አድርጎ ጠላቱን ሊያስነካበት ይችላል። ስለዚህ ወፍ የተናገረው ሁሉ መመርመር ነበረበት። የአስቴርን ታሪክ አስታውሱ፤ ምዕራፍ 2 ላይ መርዶክዮስ ሁለት ጃንደረቦች ንጉሡን ሊገድሉ እንደተማከሩ ጠቆመ። እርምጃ የተወሰደው ግን በመርዶክዮስ ቃል ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ተመርምሮ እውነት ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው።

ጥቆማን ሰምቶ መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ከራሳችን ክልል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀላል ነገር አይደለም፤ ለአንዳንዳችሁም ለመስማት ይከብዳል። ቢሆንም ልንሰማው ይገባል።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ በትውልዳቸው የትግራይ ሰው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ 50,000 ያህል ተከታይ ያለው አንድ የፌስቡክ ገጽ ፎቶአቸውንና ስማቸውን አውጥቶ ከባድ ክስ ለጠፈባቸው። የሚኖሩበትም ሰፈር ተጠቀሰ። ከጽሑፉ ሥር ሰዎች ዛቻ ይጽፉ ጀመር። ልጃቸው ይህን አይቶ ለፌስቡክ በተደጋጋሚ አመለከተ፤ «አንሡልኝ» አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ከሥራ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በራቸው ላይ በጥይት ተመተው ተገደሉ። ኅዳር 2 ቀን፣ ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ የጣሰ መሆኑን የሚገልጽ መልስ ከኩባንያው መጣ።

ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ከሳሾቹ እንደሚሉት የእኛን አገር ቋንቋ እያነበቡ ክፉውን የሚለዩ ሠራተኞች ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ያ የፍርድ ቤት ነገር ነው፤ ለፍርድ ቤት እንተወው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። አባቴን ሊገድሉብኝ ነው ብሎ ያመለከተው ልጃቸው ነበር። ያንን ገጽ የሚከታተሉት ግን ሃምሳ ሺህ ሰዎች ናቸው። ያ ገጽ የእናንተም ስልክ ላይ ይመጣ ከነበረ፣ ያን ቀን ጣታችሁ የት ነበር? ጦርነት ነበር፣ እልህ ነበር፣ ብዙ ሰው ወገኑ ሞቶበት ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የዘሌዋውያኑ ትእዛዝ ግን «በሰላም ጊዜ ብቻ» የሚል የለበትም።

አሁን የሐዋርያት ሥራ 23ን ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳይገድሉ እህል ውሃ ላይቀምሱ ተማማሉ። የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ሰማ። ልጁ ምን አደረገ? «ትልልቆቹ ይነጋገሩበት» ብሎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ሊገደል ለተፈለገው ለጳውሎስ ነገረው፤ ከዚያም ወደ ሻለቃው ተወሰደ። ሻለቃው አረማዊ ነው፤ ጳውሎስንም የወንጌል ወዳጅ ሆኖ አልነበረም የያዘው። ነገር ግን ልጁን እጁን ይዞ ገለል አደረገውና ሰማው፤ ለማንም እንዳይናገር አዘዘው፤ በዚያችው ሌሊት ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ሁለት መቶ ወታደሮች፣ ሰባ ፈረሰኞችና ሁለት መቶ ባለ ጦር አዘጋጅቶ ጳውሎስን አሻገረው። (ሰዓቱ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው፤ መቀየር አያስፈልጋችሁም።) ጥቆማ በጊዜው የሚሰማ ሰው ሲያገኝ እንዲህ ነው። ጠቋሚው ተጠበቀ፤ ሊገደል የነበረውም ሰው በሕይወት አደረ።

የአገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ሰውን ወይም ቡድንን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ሆን ብሎ ማስጠላትን፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ ማነሣሣትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። በዚያ ንግግር የተነሣ ጥቃት ከደረሰ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። አዋጁን የንግግር ነፃነት ያጠብባል ብለው የሚተቹ አሉ፤ ስጋታቸውም መናቅ የለበትም። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ አዋጁ በቅን ልቦና የሚሰጥ ሃይማኖታዊ ትምህርትን የጥላቻ ንግግር አይለውም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። አንድ የኦርቶዶክስ መምህር ስለ ቅዱሳን ምልጃ ቢያስተምርና «ጴንጤዎች በዚህ ተሳስተዋል» ቢል፣ ይህ ስድብ አይደለም፤ ትምህርት ነው። እኛም እንደዚያው እናስተምራለን። እሱን ሪፖርት ማድረግ ነውር ነው። ጎበዝ ከሆንን መጽሐፍ ገልጠን በትሕትና እንመልስ። አንዳንድ ወጣቶቻችን ግን «ይህን ገጽ ሁላችን ሪፖርት እናድርገውና እናዘጋው» እየተባባሉ ሊንክ ይላላካሉ። ወንድሜ፣ ይህ የናቡቴ ነገር ነው። አንደኛ ነገሥት 21ን አንብብ፤ ናቡቴ የሞተው ምስክር ጠፍቶ አይደለም፤ ተመካክረው የመጡ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ስለተገኙ ነው። ደግሞም ፌስቡክ ራሱ እንደሚለው የጠቋሚው ቁጥር መብዛት ጽሑፉን አያስነሣም፤ ደንብ መጣሱ ነው የሚታየው። ስለዚህ መቶ ሰው በሐሰት ሲጠቁም ያተረፈው መቶ ሐሰት ብቻ ነው። ያንኑ ጊዜ የእውነት አደጋ ላይ ያለ ሰው ጥቆማ በዚያ ክምር ሥር ወረፋ ይጠብቃል።

እንግዲህ ወደ ርእሳችን ልምጣ፤ ከባዱ ይህ ነው። የሌላውን ስድብ መጠቆም ማንም ይችላል። የእኛን ሰው ስድብስ?

አንድ የወጣቶች የጸሎት ግሩፕ አስቡ። የጥምቀት ሰሞን ነው። አንዱ ታቦት ሲሸኝ የተነሣ ፎቶ ላይ መሳለቂያ ጽፎ ይለጥፋል። አርባ ሰው የሳቅ ምልክት ይደረድርበታል። «ሃሌሉያ» ብሎ የጻፈበትም አይጠፋም! አንዱ ስክሪንሾት ያነሣል። እስኪመሽ ድረስ ያ ፎቶ የአገሩ ሁሉ ስልክ ላይ ነው። የለጠፈው ልጅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተኝቷል። ዕዳውን የምትከፍለው ማን ናት? እዚህ ደጋ ላይ ያለችው እኅታችን ናት። ከጎረቤቶቿ ጋር ካንድ ምንጭ ትቀዳለች፤ ገብሷ የሚታጨደው በደቦ ነው፤ ባሏ ሲሞት የተሸከሙት የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቿ ናቸው። የቀብር ቦታ ነገር ለእኛ ለጥቂቶቹ ስንት ልመና እንደሚያስፈልግ ታውቁታላችሁ። በማግሥቱ ምንጭ ስትወርድ ሰላምታ የሚሰጣት ታጣለች። እሷ ስማርት ስልክ እንኳ የላትም።

የእሷን ነገር ወደ ጎን እንተወውና እንኳ፣ የተሰደቡት ሰዎች ራሳቸው ባልንጀሮቻችን ናቸው። ማልደው ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሄዱት እማማ ምን በደሉህ? የምትቃወመው ትምህርት ካለ ትምህርቱን ተቃወም። የእሳቸውን እንባና እልልታ መሳቂያ ማድረግ ግን ከየትኛው ወንጌል ነው የመጣው?

በእርግጥ ስድቡ በእኛም ላይ ይመጣል። «መናፍቃን ከዚህ አገር ይውጡ» እየተባለ የአገልጋዮቻችን ቤት የሚጠቆምበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ከእነሱ ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ልክ አይደለም፤ አንሡት» እንዲል እንጓጓለን። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ምስክርነቱ ከእኛ መቶ ጥቆማ ይበልጣል፤ ከራሱ ወገን ነውና የተናገረው። እኛስ ለእነሱ እንዲህ ሆነን እናውቃለን? ማቴዎስ 7 ላይ ጌታ ሊደረግልን የምንወደውን ለሌላው እንድናደርግ ያዘዘው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ግሩፕ ለከፈታችሁ፣ አድሚን ለሆናችሁ ልናገር። ዘዳግም 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ አለዚያ ከዚያ ለሚወድቀው ሰው ደም ባለቤቱ ይጠየቃል። የገፋው እሱ አይደለም። ግን ሰው የሚወጣበትን ጣሪያ ሠርቶ ጠርዙን ክፍት ትቶታል። ግሩፕ የከፈተ ሰው ጣሪያ ሠርቷል። «እኔ አልጻፍኩትም» ማለት አያድነውም።

ደግሞ የመንዝ ሰው ስለ ጥበቃ ከሌላ አይማርም። ጓሳን ተመልከቱ። ያ የሣር አገር ለመቶዎች ዓመታት የቆየው ባለቤት ስለሌለው አይደለም፤ ሁሉም ባለቤት ስለሆነና ደንብ ስለነበረው ነው። ሕዝቡ ኃላፊ ይመርጣል፤ ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚከፈትበት ቀን ይታወቃል፤ አባወራው በየተራ ይጠብቃል፤ ደንብ ያፈረሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሁሉም እንደፈለገ ገባበት፤ ሣሩም ተጎዳ። ዛሬም ጓሳ ያለው ሕዝቡ እንደገና ደንብ አውጥቶ ጠባቂ ስላቆመ ነው። አስተውሉ፤ አጥር አልነበረውም። የነበረው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ደንብና ደንቡን የሚያስከብር የታወቀ ሰው ነው። የእኛ ግሩፖች ችግር ይኸው ነው፤ ደንቡ የሚጻፍ ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያውም አድሚኑ የተናደደ ዕለት።

ስለዚህ ደንባችሁን ዛሬ ጻፉትና ከላይ ስቀሉት። ረጅም አይሁን። ሰውን በብሔሩ ወይም በእምነቱ ማዋረድ ክልክል ነው፤ የሰውን አድራሻና ፎቶ ለጥቃት ማውጣት ክልክል ነው፤ ምንጩ ያልታወቀ የግድያ ወሬ ማሰራጨት ክልክል ነው፤ ይበቃል። አድሚን አንድ ሰው ብቻ አይሁን፤ እሱ እርሻ ወይም ገበያ ሲውል ግሩፑ ያለ እረኛ ይውላል። ሁለት ሦስት ሁኑ፤ አንዷ እኅት ትሁን። እኅቶች በስልክ የሚደርስባቸውን ወንዶቹ አድሚኖች ብዙ ጊዜ አያዩትም። ቴሌግራም ላይ ጠቡ ሲጋል መልእክት በየተወሰነ ደቂቃ አንድ ብቻ እንዲላክ ማድረግ ይቻላል፤ ተጠቀሙበት፤ የሰው ቁጣ ሲቆይ ይበርዳል።

የማቴዎስ 18ን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ይዞ፣ ከዚያ ለጉባኤ። ሰው በስሜት ክፉ ቃል ቢጽፍ በዚህ መንገድ ሂዱ፤ በግሩፑ ፊት አታዋርዱት፤ በውስጥ መስመር ደውሉለት። ጽሑፉ ግን እስኪመከር ድረስ አይቆይ፤ ምክሩ ለሰውዬው ነው፤ ጽሑፉ ወዲያው ይነሣ። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ደግሞ ደረጃ መጠበቅ የለም። የጳውሎስን እኅት ልጅ አስቡ፤ አርባዎቹን ሰዎች አንድ በአንድ ሊመክር አልሄደም። እንዲህ ያለውን ስታዩ ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሡ፣ ሊንኩንም ያዙ፤ ከጠፋ በኋላ ማስረጃ የለም። ከዚያ ጽሑፉ ጎን ያሉትን ነጥቦች ወይም ጽሑፉን ራሱን ተጭናችሁ «ሪፖርት» የሚለውን ምረጡ። ፌስቡክ የጠቆመውን ሰው ስም ለተጠቆመው አይነግርም፤ ወፍ ናችሁ። በዚህ ግን አትርኩ። ስምንት ቀን ሊዘገይ እንደሚችል አይተናል። የተዛተበትን ሰው ራሱን አስጠንቅቁት፤ ለሽማግሌዎችና ለፖሊስ አሳውቁ። ደግሞ እባካችሁ «ምን ያለ ክፉ ነገር ነው እዩልኝ» እያላችሁ ለሌላው አትላኩ። ያ መቃወም አይደለም፤ ማሰራጨት ነው።

ከግሩፕ ያስወጣችሁትን ልጅ ነገር ልጨርስ። ማስወጣት ቀላል ነው፤ አንዴ መጫን ነው። ከወጣ በኋላ ግን የባሰ ግሩፕ ይከፍታል፤ እዚያ ደግሞ አድሚኑ እሱ ነው። ስለዚህ በአካል ሂዱበት። ሁለት ሽማግሌዎች ሆናችሁ ቤቱ ግቡ፤ ሩቅ ከሆነም ደውሉለት፤ እናቱ የምትገኝ ከሆነ እሷም ትስማ። የጻፈውን አሳዩትና ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ብዙዎቹ እናታቸው ፊት ማንበብ ያቅታቸዋል። ወደ ግሩፑ የሚመለሰው ለእኛ ይቅርታ ሲጠይቅ አይደለም፤ እኛን አልሰደበም። የሰደባቸው ጎረቤቶች ዘንድ ሽማግሌ ይዞ ይሂድ፤ የአጥቢያው ቄስም ፈቃደኛ ከሆኑ ይገኙ። እርቅ እንደሆነ በአገራችን ሥርዓት አለው፤ አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም። ይህን የምታነብ የግሩፕ አድሚን ባለፈው ሳምንት አንዱን አስወጥተህ ከሆነ፣ ስልኩ አለህ። እስከ እሑድ ጊዜ አለ።